አልፎ አልፎ

ኩዱስ ነው ከተማው፤ ጃቫ ነው ደሴቱ፤
ቅርንፉድ ይሸታል መንገዱና ቤቱ።
ከትንባሆ ጋራ ተወቅጦ ተቀይጦ፣
በስስ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሎ አጊጦ፣
እሳት ሲያስነኩት የሚንጣጣ ነገር፣
ክሬቴክ ይሉታል በኛ አገር ሲነገር።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ጃንጥላ ዘርግቼ፣
እርሳሴን በጆሮ ግንዴ ላይ ሰክቼ፣
ለአዋቂው በሙሉ፣ በየቤቱ ገብቼ፣
«ያጨሳሉ?» እላለሁ፤ «ስንቴ?» እላለሁ፤
የሚሉኝን ሁሉ በሣጥን እጽፋለሁ።
(በደረት ኪሴ ውስጥ ያለችውን ነገር
ለጊዜው ተዋት፤ ኋላ እንነጋገር።)

አርባ ሦስተኛው ቤት ከወንዙ ዳር ነበር፤
ኢቡ ሱምያቲ ቆማለች ከበር።
ኢቡ ማለት እናት፣ እሜቴ እንደማለት።
ምንጣፍ አነጠፈች፤ ሻይ አቀረበችልኝ፤
ስኒውን ስትሰጠኝ ጣቷ ሸተተኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከፋብሪካ ውላ፣
በቀን ሁለት ሺህ ፍሬ ሲጃራ ጠቅልላ፣
ልጅ ያስተማረች ናት፤ ጣራ ያለበሰች፤
አንዲቷን ከከንፈር ለኮፍ ያላደረገች።

«ያጨሳሉ?» አልኳት።
«ፈጽሞ።»
ጻፍኩ።
«ከቤትዎስ ውስጥ ሰው?»
ዝም አለች።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው።
«ምን ያህል ጊዜ ነው? ምርጫው እዚህ ተጽፎ
አለልዎት፦ ሁልጊዜ፣ ወይስ አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ» አለች። እርሳሴን ሳነሣ፣
ቀጠለች፣ ከድምጿ ሳል እየተነሣ፦

«በሩን አልፎ፣ ልጄ፣ መጋረጃውን አልፎ፣
ያልጋዬን አጎበር እንደ ወንፊት አልፎ፣
ከጸሎት ልብሴ ላይ፣ ከሩዙ ላይ አርፎ።
እኔ የጠቀለልኩትን እሱ ያጨሰዋል፤
እሱ የተፋውን ሳንባዬ ይቀበላል።
ከዚያ ወንበር ነበር፣ መስኮቱን ተደግፎ።
ዋርሲቶም ራሱ አምና በሐምሌ አልፎ፣
ጭሱ ግን ይኸውልህ፣ ግድግዳው ላይ ተጽፎ።»

ቀና አልኩ። ግድግዳው ቢጫ ነው፤
ወንበሩ ጋ ሲደርስ ቡናማ፤
የአንድ ሰው ራስና ትከሻ ያህል ቦታ ብቻ
ነጭ ቀርቷል።

ከወንበሩ በላይ የርግቡ ቤት ተንጠልጥሏል፣ ባዶ ቀፎ።
«እሷ ቀደመችው» አለች፤ «ጠዋት ጠዋት ትዘምር ነበር፤
ኋላ ድምጿ ሻከረ።»
ርግብ አዋቂ አይደለች። አልቆጠርኳትም።

በአርባው፣ አለችኝ፣ ጎረቤት ሞልቶ፣
ጸሎት ሲደረግ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣
እንደ ደንቡ ሆኖ ለመጣው እንግዳ
ሲጃራ ቀረበ፣ በብርጭቆ ታጭቆ።
ለሟቹ እየጸለዩ ገዳዩን አጨሱ።
«ምን ላድርግ? ባላቀርብ፣ ምን ይለኛል ሰዉ?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ሣጥን ፈለግሁ።
«ሌላ» የሚል አለ፤ የአንዲት ጣት ስፋት።
እሷም ሳል አላት።
ሳሏ የማንኛው ጥያቄ መልስ ነው?

ልሄድ ስል ተነሥታ ያንኑ ብርጭቆ አመጣች፤
ሦስት ፍሬ ቀርቶበታል።
«እንግዳ ነህ፤ ዝናቡም አላባራ፤ ውሰድ።»
«የለም፣ እኔ እንኳ…» አልኩኝ።
ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«ደጃፌ ቆመህ ሳለህ ነው የሸተትከኝ፣ ልጄ፤
እኔ እኮ ሸማች ሳልሆን ሠሪ ነኝ።»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ያች ነገር እዚያው ነች፤
ካሥራ ሁለት ፍሬዋ አምስቱ የቀሩላት።
(ሚስቴ ሬትኖም መስኮት ስትከፍት አስታወስኩ፤
የኔ ቤት ስንተኛ ነው? ገና አልቆጠርኩም።)

ወጥቼ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ቆምኩኝ፤
ጃንጥላዬን ያዝኩ፤ አንዲቱን ለኮስኩኝ።
ይወጣል ያልኩት ጭስ ሽቅብ አልወጣም፤
ዝናቡ ተጭኖት፣ ከፍ ሊል አልቻለም፤
መሬት ለመሬት ሄደ፣ እግሬን ተጠማዞ፣
ደጃፏ ሥር ገባ፣ ቅርንፉዱን ይዞ።