ግማሽ ቀን

የእኔ ሥራ ደብተር ነው፤ ስም መጥራት በጠዋት፣
ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ከስንት እስከ ስንት።
ሳቢያን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ያልተለሰነ ግንብ፤
የባሕር ዛፍ ፖንቴ፣ የታሰረ በሽቦ፣
ሽቦው ሲያልቅ በገመድ፣ ገመዱ ሲያልቅ በልብ።
ሄልሜትማ አለ፣ አንድ፣ ቢጫ፣ ቢሮው ምስማር ላይ፣
ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ፎርማኑ አድርጎት ሊታይ።

የድሬን አምስት ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤
ፌሮ የነካ ጣት ይላጣል፣ ጥላም ያልበዋል።
ኢብሳ ከላይ ይለስናል። እኔ ከታች እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የወደቀው ካዙላው ነው።
ድንጋይ ላይ ጮኸ፤ ቀና ብዬ ልቆጣ፣
«ማነው እሱ!» ልል ስል አንድ ሸበጥ መጣ፣
ሰማያዊ፣ ማሰሪያው በሽቦ የተሰፋ፤
ከዚያ ራሱ ኢብሳ፣ ድምፅ እንኳን ሳያወጣ።
አንድ ክንድ አለፍ ቢል አሸዋ ነበረ፣
ትናንት ከደቻቱ መጥቶ እዚያው ያደረ።

ሙና ማልታውን ደፋች፤ ባሬላው ተራገፈ፣
ሲሚንቶ ባልደረቀበት ሰው ተነጠፈ።
ባጃጁ ጠበበው፤ ሁለት እግሩ ውጪ ቀርቶ
ወደ ድል ጮራ ታጠፈ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ።
ግቢው ዝም። ማደባለቂያው ብቻ ባዶውን ሲዞር፣
ማጥፋቱን ማንም አላሰበም ነበር።

ፎርማን ቢተው መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣
ሲጋራውን በፊልተሩ በኩል ለኩሶ፣ ጥሎ፤
«ግማሽ ቀን በለው» አለኝ።
«አምስት ከሩብ ነው፤ ግማሽ አልሞላም» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ቢተው አይደለም።
አሥራ አንድ ዓመት ሰዓት ሲቆጥር የኖረ አፌ፤
ደሙ አሸዋ ሳይለብስ፣
ለአርባ አምስት ደቂቃ መንሰፍሰፌ።

በማግስቱ ፖንቴው አዲስ ሽቦ ታጥቆ ያብለጨልጫል፤
አንድ ጥቅል ሙሉ። ለካ ይገኛል።
ስም ስጠራ ምላሴ ቀደመኝ፤ «ኢብሳ አህመድኑር!»
ማንም «አቤት» አላለም። ሙና በእግር ጣቷ ትጭራለች አፈር።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ፣
«ከወገብ በታች ዝም ነው» አለኝ።
ኢብሳ ነቅቷል። ፀጉሩ ውስጥ ሲሚንቶው እንዳለ ነው።
«ሸበጤን አገኛችሁት?» አለ፤ «አንዱን፣ የግራውን።»

መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ደብተሩ ላይ ተኝቶ።
ቅዳሜ ክፍያ ነው። ቢተው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።
ከስሙ ትይዩ ያለችው ሳጥን
ባዶ ናት።