የበላነው ይታይ

መርጡለ ማርያም፣ ከድሮው ግንብ በሩ፣
ገበዝ እንግዳሸት የሄደውን ሲቆጥሩ፦
«አንዱ ለበግ ጋጣ፣ አንዱ ለጠላ ቤት፣
ቅስቱ ከነሐረጉ ለይሁኔ እርከን ፊት፤
ሰረቁ አንልም፤ ጣራው ከወረደ፣
ደጅ ያደረ ድንጋይ የሰው ቤት ለመደ።»

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ኖራዬን አቡክቼ
ቆሜ እጠብቃለሁ ስፍራውን ለክቼ።

ትናንት አንጓች መጣች፣ በአህያ ጭና
አርባ ዓመት የፈጨችበትን ድንጋይ፤ ገና
ዱቄቱ ከስንጥቁ አልወጣም።
አበባው ግን የለም፤ ከጤፍ፣ ከዳጉሳ
ጋር አብሮ ተበልቷል።
ብሞክረው ላላ፤ ስፍራውን ረሳ።

ክፍተቱን ልደፍን ስል፣ በካዙላዬ ላይ
እጃቸውን አኖሩ ገበዝ፦
«ተወው፤ የበላነው ይታይ።»