አምስት ጠብታ

ሶሃር፣ ከወደቡ፤ ከሌሊቱ ስምንት።
ብርጭቆ አጣቢ ነኝ፣ ይኸው ሦስት ዓመት።
ባጄ ላይ «ይታይሽ፣ ጽዳት» ተብሏል፤
መርሳ ያስተማርኩት ኬሚስትሪ የት ይጻፋል?

ከሐጀር ተራራ፣ ከድሮው ማዕድን፣
በሰባት ጄሪካን አመጡት ውሃውን።
ሲያዩት ኩልል ያለ፣ ብርሃን ያሳልፋል፤
ውስጡ ግን መዳብ አለ፣ ዓሣ ይጨርሳል።

ተረኛው ሱኒል ነው፣ የኬረላው ልጅ፤
ፖሊመር ጨመረ፣ ደገመ፣ ምን ይበጅ!
እንደ ተልባ ውሃ ተዝለገለገ እንጂ
አንዲት ቅንጣት አልወረደች።

የጣለውን ወረቀት ከወለሉ ሳነሣ
ቀይ ነው።
ውሃው ኮምጣጣ ነው። በኮምጣጣ ውሃ
ያ ረጅም ሰንሰለት እጁን አጥፎ ይተኛል፤
መዳቡ ቢለምነው፣ ቢዞረው አይሰማም፤
እጁን ያልዘረጋን ማንም አይጨብጥም።
ይኼን እኮ ሰሌዳ ላይ ሥዬው ነበር፤
ኋላ የሚያንቀላፋው አበጋዝ ሳይቀር
ገብቶት ነበር።

ሱኒል ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ሲወጣ፣
(ሚስቱ ትመስለኛለች፣ ድምፁ የተቆጣ፣)
ከመደርደሪያው ላይ ኮስቲኩን አወረድኩ።
አንድ ጠብታ። ቆየሁ። ሁለት። አማሰልኩ።
ሦስት። አራት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አምስተኛው ላይ
ውሃው ደነገጠ።

ሰማያዊ እርጎ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣
ብርጭቆው ግርጌ ላይ ተደላደለ።
ከላይ የቀረው ውሃ ብቻ ነው።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚሉት፣
«ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚሉት፣
ይኼን ጨው አላዩም፤
ድንጋይ ሲሆን ነው ዋጋ ያለው።

ጠዋት ሪፖርቱ ላይ የሱኒል ስም ሰፈረ።
አለቃችን ሸምሳ «ጎበዝ» አለችው።
ሳቀ፤ ወደ እኔ አየ፤
ከዚያ ቶሎ ብሎ ጫማውን አየ።
እኔም ብርጭቆውን ላጥበው ወሰድኩት።

ማታ መኝታ ቤት፣ ጥፍሬ ሥር ቀርቶ
አንድ ሰማያዊ ነጥብ፣ እንደ እንሶስላ ጸንቶ፣
በሳሙና ቢሉት፣ ቢፈትጉት እምቢ አለ።
ከማእድ ቤት ሎሚ ለመንኩ፤
(ሎሚ እዚህም ሎሚ ነው፣ ስሙን አልቀየሩትም፣)
ጨመቅሁበት።
ሟሟ። ሰንሰለቱ እጁን መልሶ አጠፈ፤
ጣቴም ምንም እንዳልሠራ ጣት ነጻ።

መብራቱን ሳላጠፋ፣ ከመርሳት በፊት፣
በደመወዝ ወረቀቴ ጀርባ ጻፍኩት፦
አራት አይበቃም። አምስት።