ስም አይጻፍበትም

የጤና ተማሪ መጠይቅ ይዛ መጥታ፣
ከዶርሙ በር ቆማ፣ ጭንብሏን አላልታ፣
«ስም አይጻፍበትም» አለችኝ በእርጋታ።
«ቤት በዋላችሁባቸው በነዚያ ወራት
ጠጥተህ፣ አጭሰህ ነበር? ስንት ቀን በሳምንት?»
ጎኑ ላይ ሳጥን አለ፣ ጥፍር የምታህል፤
«ፈጽሞ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «በየቀኑ» ይላል።

እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ።

መጋቢት ነበረ። ግቢው ተበተነ፤
ፍራሹ ታጠፈ፣ አልጋው ባዶ ሆነ።
ማንደፍሮ ደነባ፣ ሽመክት ሮቢት ወርዶ፣
እኔ የጠባሴ ልጅ፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣
የት እሄዳለሁ?
ግቢው ለይቶ ማቆያ ሲሆን በሳምንቱ
ሌሊት ከኛ ጓሮ መብራቱን አያለሁ፣
አልጋዬ ላይ ዛሬ ማን ተኝቷል እላለሁ።

እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈረቃ ነች፤
ማታ ትወጣለች፣ ጧት ትመለሳለች።
ቀን ስትተኛ እንዳልቀሰቅሳት
ኮቴዬን አጥፍቼ እወጣለሁ ከቤት።
ውጭ ደግሞ ብርድ ነው። የኛ ብርድ አዋጅ መቼ ያውቃል፤
ሁለት ሜትር ራቅ ሲሉት አጥንት ውስጥ ይዘልቃል።

ከበሬሳ መውረጃ፣ እትዬ ዘነቡ ጓሮ፣
የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን በገመድ ታስሮ፣
ሳሙናው ሲያልቅባት አረቄ ትቀዳለች፤
መዳፍ ላይ ጠብ አርጋ፣ ከዚያም ትስቃለች፦
«መጀመሪያ ለእጅህ፣ ቀጥሎ ለሆድህ፤
ውጩንም ውስጡንም እግዜር ይጠብቅህ።»

የመጀመሪያው ቀን ለእጄ ብቻ ነበር።
በሦስተኛው ሳምንት እጄን ረሳሁት።

ሽመክት የሮቢት ልጅ፣ ከትምባሆ እርሻ ዳር፣
ጭስ ሲሸተው ዘሎ መስኮት የሚከፍት ነበር፤
ግንቦት ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፦
በጣቶቹ መሃል ፍም፣
ከሥሩም «ቀኑ አላልቅ አለኝ።»
መልስ አልጻፍኩም።
የኔን ፍም ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

እናቴን የሚያውቅ አፍንጫዋን ያውቃል፤
የጎረቤት ሽንኩርት ሲያር እሷ ጋ ይደርሳል።
ስለዚህ ከረሜላ፣ ስለዚህ የሎሚ ልጣጭ፣
ስለዚህ ጃኬቴ ሽቦ ላይ፣ ከደጅ ውጭ።

ሐምሌ አንድ ምሽት ግን ዝናቡ አባሮኝ፣
ከረሜላው አልቆ፣ ጭሱም ሳይለቀኝ፣
ፊት ለፊቷ ቆምኩ።
ግንባሬን ዳሰሰች፣
«ብርዱ መቶሃል» አለች፣
ሌላ ምንም አላለች።
ተመስገን አልኩ በልቤ። አመለጥኩ።

በማግሥቱ ወጥ ቀምሳ፣ ማንኪያውን እያየች፣
«ምንም አይሸተኝም፤ ምንም…» አለች።

ራዲዮው በየሰዓቱ ሲለፍፈው የነበር፤
ለካ «ተመስገን» ያልኩት ለበሽታው ነበር።

ሮጥኩ ዘነቡ ጋ። ግማሽ ሊትር አልኳት።
«ለእጅህ ነው ለሆድህ?» መልስ አልሰጠኋት።
የበሩን እጀታ፣ ማንኪያውን፣ ኩባያውን፣
የስልኳን ፊት ጠረግኩ፣ የጀሪካን ክዳኑን።
ጠርሙሱ አጋማሹ ላይ ሲደርስ እጄ ቆመ።
ከመጋረጃው ጀርባ ትስላለች።
የቀረውን ጠጣሁት።

ዳነች። መስከረም ላይ፣ አደይ ሳይረግፍ ገና፣
ከሽቦው ላይ ጃኬቴን ልታወርድ ተነሣችና
አፍንጫዋን ይዛ ቆመች።
«አንተ ልጅ! ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?
ቤቴን መሸታ ቤት አደረግከው?»
እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።

ለዚህ ሳጥን የለም።

«አልፎ አልፎ» ላይ ምልክት አደረግኩ።
«ጨረስክ?» አለች ልጅቷ። ወረቀቱን አጥፋ፣
ከኪሷ ሳኒታይዘር አውጥታ
መዳፌ ላይ አርከፈከፈች፤ «ይቅርታ፣ ለሁላችንም ነው» ብላ።

እስክትርቅ ጠብቄ
መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።