ጎደሎ ሰዓት

ደብተሬን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ፣
የሩቅ መነጽሬን እንደ ክታብ አንጠልጥዬ፣
ወፍ ልቆጥር መጣሁ
ባሕር ወንዙን ገፍቶ ከሚገባበት አገር፣
ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ጨው ከሚጨምር፤
ሳሉም ይሉታል፣
ግማሹ ሴኔጋል፣ ግማሹ ውኃ ነው።

ጆኬል ሞተር አጥፍቶ ረጅም ዘንግ አነሳ፣
«ከዚህ ወዲያ» አለኝ «ዝም ነው፣
ወፍም ሰሚ ነው፣ ዓሣ።»
ግራ ቀኙ ማንግሮቭ፤
እንደ ሸርጣን በእግሩ ጭቃ ላይ የቆመ፣
ኦይስተር በጉልበቱ ቅርፊት የታተመ፣
ፍሬው ካናት ሳይሆን ከሥር የተለቀመ።

ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ጩኸት።
ጥቁር ቆብ የደፉ፣ ምንቃራቸው ብርቱካን፣
ደሴቷን በስንዝር ተካፍለው ያለ ዳኛ፣ ያለ ሚዛን።
ሌላ አገር እናት እንቁላል ታሞቃለች፣
እዚህ ግን ቆማ፣ ክንፏን ከፍታ፣ ታጠላለች።

ቆጠርኩ። መቶ። መቶ ሰባ።
ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ነፋስ መጣ፣
ሁሉም ባንድ ተነሣ፣
ደሴቷ ራሷ የበረረች መሰለኝ፤
ተመልሰው ሲያርፉ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ።
እንደገና አንድ አልኩ።
ጆኬል ዘንጉን ተደግፎ ያዛጋል።

በሦስተኛው ቆጠራ
ከታንኳዋ ጎን ውኃው ተነፈሰ።
አንዴ ብቻ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሽማግሌ፤
ግራጫ አፍንጫ፣ ሁለት ቀዳዳ፣
ከዚያ ክብ፣ የሚሰፋ፣ የሚሰፋ፣
እስኪደርስ ከዛፉ ሥር፣ እስኪጠፋ።
«እሷ ናት» አለ ጆኬል።
ስሟን አልጠራ አለ፤ ለምን ስለው ሳቀ።
እሷን ላይ ብዬ ስዞር
ደብተሬ በክርኔ ተገፍቶ ጠለቀ።
ላስቲኩን ፈትቼው ነበር።
የሦስት ቀን ቁጥሬ
ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ወደ ታች ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ጎደለ።
ጎደለ ስል፣ ኪስ እንደሚጎድል አይደለም፤
ጭቃው በራ፣ ተንጣለለ፣
ከየጉድጓዱ ሸርጣን ወጥቶ
አንድ ትልቅ ክንዱን አንስቶ
ሰላም አለ፣ ወይ ዛተ፣ አልለየሁትም።

ያንዴ መጣች፣ የጆኬል ሚስት እህት፣ ባልዲ በራሷ፣
እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ እስከ ክርኗ ቀሚሷ፤
ጎንበስ ብላ ዛጎሉን በጣቷ ትጠይቃለች፣
አለ ሲላት ታወጣለች፣ የለም ሲላት ታልፋለች።
«ይህን ሁሉ ውኃ ማን ወሰደባችሁ?» ብላት ለጨዋታ፣
ቀና ሳትል መለሰች፣ ወገቧን በእጇ መትታ፦
«ሙላቱ ለዓይን ነው፣ ጉድለቱ ነው ለሆድ፤
ሲሞላ እንቀመጣለን፣ ሲጎድል ነው መንገድ።»

ደብተሬ መጥፋቱን ነገርኳት።
አላዘነችም። በጭቃ ክንዷ ማዶውን አሳየችኝ፣
ባኦባብ የበቀለበት ነጭ ኮረብታ።
«ያ ድንጋይ አይደለም» አለች፣ «አፈርም አይደለም።
የኛ ሰዎች በልተው የጣሉት ቅርፊት ነው።
መቁጠር ከወደድክ እሱን ቁጠር፤
ስንት ምሳ፣ ስንት እራት።
ሲሞቱም እዚያው ቀበሯቸው፣
በበሉት ላይ ተኙ።»

ወጣሁት።
ከእግሬ ሥር
ከብዙ ዘመን በፊት የተነሣ ማዕድ ተንኮሻኮሸ፤
ቀስ ብረግጥም፣ ጫማ ባወልቅም፣ ያው ነው።
አንዲት ዛጎል አንስቼ ወደ ኪሴ ስል
ያንዴ እጄን ያዘችኝ፦
«የማን ምሳ እንደነበር ታውቃለህ?»
አላውቅም።
መለስኳት፣ አፏን ወደ ታች አድርጌ፣ እንደነበረች።

ጆኬል ከታች ያፏጫል፣ ሙላቱ ጀምሯል፤
የእግራችን ዱካ አንድ ባንድ ተውጧል።
ወፎቹ ከሩቅ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ምንም፣
ሲዞሩ ሰማይ ላይ፣ ልቁጠር አልልም።

ለአለቃዬ ግን ሪፖርት አለብኝ።
በታንኳዋ ወለል ተቀምጬ፣ በመዳፌ ላይ ጻፍኩ፦
ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፣
ከዚያ ነፋስ።