ይታያል?

ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያነሳ «ይሰማል? ይሰማል?» ይላል፤
የኛ ሰላምታ ሌላ ነው፣ በጣት «ይታያል?» ይባላል።

ሐዋሳ፣ አርብ ማታ፣ ሁለት ሰዓት፣ ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ከሱቄ፣
ስልኬን ከክር ጥቅል አስደግፌ፣ መቀሴን ወዲያ አርቄ፣
ከኋላዬ የተሰቀለ ባለ አበባ ቀሚስ አወርዳለሁ፤
ግድግዳው ባዶ ይሁን ብዬ ነጭ አቡጀዲ እወጥራለሁ።
ባለፈው ጣቴ ካበባው ጋር ተደባልቆ፣
ሐመሶ «ሠርግ» ያልኩትን «ቀብር» ብሎ አንብቦ
ሲያጽናናኝ አመሸ።
ሙሽራዋ እህቴ ነበረች።

አንድ ባንድ ብቅ ይላሉ፣ በየመስኮታቸው፦
ሐመሶ ካሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲመትር ውሎ፣
ቅርፊቱን እንደ ሳንቲም ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፤
ብርቅነሽ ካልጋዋ ጫፍ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ገብታ፣
ግማሹን ወሬ በእጇ፣ ግማሹን በቅንድቧ ሞልታ
(ሸሚዝ ሲያጥፍ የዋለ ጣት ረጅም ዐረፍተ ነገር አይችልም)፤
ላምቤቦ ከሆሳዕና፣
እናቱ በምልክት የምታውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ብላ» እና «ና»።
ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ባንድ ምሽት ያፈሳል፤
ካርዱ ሳያልቅ ሊጨርስ ጣቱ ከሐሳቡ ይቀድማል።
«ቀስ!» እንለዋለን ሦስታችንም።
ቀስ አይልም።
ላሚቱ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገብታ፣ ባለቤቱ ዱላ ይዞ...

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

ለሌላው ሰው ጨለማ ውስጥም ድምፅ አለ፤
ጎረቤት ይስላል፣ «ሻማ አምጡ» ይባላል፣ በር ይንኳኳል፤
ለኛ ግን መብራት ሲሄድ ወሬም ተከትሎት ይሄዳል፣
ሰው ራሱ ይሄዳል።

የኔ መስኮት ጠቆረ። አያዩኝም፤ አያቸዋለሁ፦
ሦስት ፊት፣ ስድስት እጅ፣ ስሜን ሲጣሩ።
(ስሜ ጉንጭ ላይ ሁለት ጣት ነው፣
በልጅነቴ ውሻ የነከሰኝ ቦታ፤
መታወቂያዬ ላይ ያለውን ማንም አይጠቀምበትም።)
ጉንጭ። ጉንጭ። ጉንጭ።
ካለሁበት ሆኜ መጥፋቴን ሳይ፣
እንዲህ የምፈለግ አይመስለኝም ነበር።

ሻማ የለኝም። ክብሪቱን በዳበሳ አጣሁት።
እጄን ወደ ስልኩ መስታወት አስጠጋሁ፤
በነሱ ፊት ብርሃን
ጣቶቼ፣ ጥፍር በጥፍር፣ ብቅ አሉ።
«አለሁ» አልኩ። «ይታያል?»

«በግድ» አለ ላምቤቦ፣
ወዲያውም ላሚቱን ከጎመኑ ማስወጣት ጀመረ።