መርፌው ዜሮ ላይ

ባሊክቺ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ነፋስ በር የሚያንኳኳባት፣
ጋራዤ ትንሽ ናት፤ አንድ ክሪክ፣ አንድ አምፖል ያለባት።
ቱርዱባይ መጣ በጠዋት፣ ያቺን አሮጌ ሆንዳ እየነዳ፣
ፊቱ ጠቁሮ፣ እንዳለበት ሰው ያልተከፈለ ዕዳ።
«ኬንጄጉል» አለኝ፣ «መኪናዬ መዋሸት ጀመረች፤
እየሮጠች ሳለ፣ ቆሜያለሁ አለች።»

ከኮችኮር ሲወጣ መርፌው ሰማንያ ላይ ነበረ፤
ድንገት ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀ፣ ዜሮ ላይ ቀረ።
ካምቢዮውም ሁለተኛን አልለቅ ብሎ ሲያጓራ፣
ሦስተኛው ሲገባ ድው! ድንጋይ እንደ ተናደ ከተራራ።

ሌላ ሰው ቢሆን መስታወቱን በጣቱ መትቶ መትቶ፣
«ይሁን» ብሎ በነዳ፣ ፍጥነቱን ለጆሮው ትቶ።
እሱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ
የኪሎሜትር ድንጋይ የተከለ ነው፣ በበረዶ በፀሐይ።
እና ድንጋዩን አየ። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ፤
ቆጣሪው ያችኑ ቁጥር እንደ ታቀፈ።
በኪሱ ደብተር፣ በእርሳስ፣ ጽፎታል ያልተቆጠረውን፤
አርባ ሰባት።
ዘርግቶ አሳየኝ፣ ደረሰኝ እንደሚያቀርብ ሰው።

ከሥሯ ገባሁ። ወለሉ አጥንት ይሰብራል።
ካምቢዮው ጎን ላይ አውራ ጣት የምታህል ነገር ተሰክቷል።
ሴንሰር ይሉታል። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤
ጥርስ በፊቱ ሲያልፍ ብቻ «አለፈ» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሽቦውን። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤
ሴንሰር ገዝቶ ይመጣል፣ ሽቦው ሆኖ የተበጠሰው።
ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት፣ የመንገድ ጨው ያመጣው፤
ፋቅሁት። ጎማውን በክሪክ አንሥቼ፣ ማርሽ አስገብቼ አዞርኩ።
መርፌው ንቅንቅ አላለም።

አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ብሎን። እያባበልኩ አወጣሁት፤
ጫፉ ላይ ያለው ማግኔት ጢም አብቅሎ አገኘሁት፤
የብረት ብናኝ፣ ከማርሽ ጥርስ የረገፈ፣ ዘይት ለብሶ።
ጠረግሁት። ሞከርኩት። እስከ ሃያ ተነሣ፣
ተመለሰ ተልፈስፍሶ።

«ይህስ አልቆለታል» አልኩት።
ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከተፈታ ሆንዳ የነቀልኩት አንድ ነበረኝ፤
ላስቲክ ቀለበቱን ዘይት ቀባሁት፤
ደረቁን ከገባ ይቀደዳል፣ አባቴ ነው የነገረኝ።
ሰካሁ፣ አሰርኩ፣ ብዙም ሳላጠብቅ፤ አልሙኒየም ቂም ይይዛል።
መርፌው ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ድመት ተንጠራራ፤
ሁለተኛው ለሦስተኛው ለቀቀ፣ ያለ ጠብ፣ ያለ ጓራ።

«አርባ ሰባቷስ?» አለኝ።
«የቷ?»
«ያልተቆጠረችው።»
ቆጣሪ ያለፈውን አይከፍልም፤ ነገርኩት።
ሒሳቤን ሰጠኝ፤ አላኮረፈም፣ አልሳቀም፣ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል።
«ከድንጋይ እስከ ድንጋይ መቶ ነዳሁ፤ ያንቺ ዕቃ ዘጠና ሰባት አለ።
ወይ እሱ ይዋሻል፣ ወይ...»
አልጨረሰውም።
ገመዱ፣ አካፋው፣ ዶሎን ላይ ሁለት ጣቱን ውርጭ የበላበት፤
ሁለት ሌሊት ሙሉ ያንን ሁሉ ተጠራጥሮበት!

ዞር ብዬ ጎማዋን አየሁ። የበረዶ ጎማ፣ አዲስ፣ ሰፊ።
«ይህን ማን ገጠመልህ?»
«ልጄ።»
«ከልኳ ይበልጣል። በአንድ ዙር ብዙ መሬት ይሄዳል፤
ሴንሰሩ ዙር እንጂ መሬት አያውቅ፣ አሳንሶ ይቆጥራል።»

ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣
የፈረስ አንገት ይመስል።
«ድንጋዮቼስ?»
«ድንጋዮችህ ባሉበት ናቸው።»

ደብተሩን አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፤
ከአርባ ሰባት ሥር ሦስት ጻፈ፤ መስመር አሰመረ፤ አሰበ።
«ሃምሳ» አለ፣ ለራሱ፣
ነፋሱ በሩን ሲያንኳኳ።